ተምራችሁት ምንም ያልጠቀማችሁ የውጭ ቋንቋ የቱ ነው?

የሰሚቱ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ ማኔጅመንት ነው ያጠናችው። ሥራ እስክታገኝ ቤት ቁጭ ከምትል ቋንቋ ትማር ተባለ፣ ከፋዩ ደግሞ እኔ ነኝ። እሷ ከኮሪያኛ ውጪ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ምክንያቱን መገመት አያቅትም፣ ሌሊቱን ሙሉ ድራማ ነው። እኔ ደግሞ ከኪሴ የሚወጣው ብር የት እንደሚደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ገልብጬ ልጠይቅ። የትኛው ይጠቅማል የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ አለቀ። እኔ የምፈልገው የማይጠቅመውን ነው። ራሳችሁ ተምራችሁት ወይ የተማረ ሰው አይታችሁ «ምነው ይሄ ጊዜ ለሌላ ነገር በዋለ» ያላችሁት የቱ ነው? «ቋንቋ ሀብት ነው» ለማለት የመጣህ ወንድሜ እለፈኝ፣ እሱን ከእናቴ በየቀኑ እሰማለሁ።

የእኔ ግምት፦ 1ኛ ኮሪያኛ፣ 2ኛ ስዊድንኛና ዘመዶቹ፣ 3ኛ ኤስፔራንቶ የሚሉት ሰው ሠራሽ ቋንቋ። ሦስተኛውን የጨመርኩት ቢሮ ውስጥ አንድ ልጅ በስልኩ እየተማረ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚያበሽቀኝ ነው።

ጎተቦርግ

ስዊድን ነው የምኖረው፣ ስለ 2ኛው እኔ ልናገር። ያልከው ግማሹ ልክ ነው። አገሩ 10 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ነው ያለው፣ ከዚያ ውጪ ፊንላንድ ውስጥ የሚናገሩት ጥቂት ሰዎች አሉ፣ ኖርዌይ ደግሞ እንደ ምንም ያግባባል። ከተማ ውስጥ በተሰባበረ ስዊድንኛ ቡና ስታዝ ልጅቷ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ትመልስልሃለች። አንተ በስዊድንኛ ልቀጥል ብትል ከኋላህ ያለው ሰልፍ ይቁነጠነጣል። ስንት ዓመት ኖረው ሰላምታና ምስጋና ላይ የቀሩ አበሾች አውቃለሁ።

ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የእኛ ሰው በብዛት የሚገባው የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ነው። አንዲት ዘጠና ያለፋቸው ሴትዮ በሌሊት «ትራሱን ዝቅ፣ እግሬን ወደ ግድግዳው» ሲሉሽ እንግሊዝኛ አይሠራም፤ ድሮ ይችሉት የነበሩት እንኳ የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው የሚቀርላቸው የእናታቸው ቋንቋ ነው። መድኃኒት የሰጠሽበትን ሰዓት፣ የበሉትን፣ ወድቀው ከሆነ እንዴት እንደወደቁ በስዊድንኛ ጽፈሽ ነው ከፈረቃ የምትወጪው።

ቢሆንም አዲስ አበባ ሆናችሁ ብር ከፍላችሁ እንዳትማሩት። የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ለመጣ ሰው ኤስኤፍአይ የሚባል የመንግሥት ትምህርት አለ፣ ከኤ እስከ ዲ አራት ኮርስ፣ በነጻ። ነጻ የሚሰጥ ነገር ላይ አስቀድሞ ብር ማፍሰስ ምን ይሉታል?

ድራማ_ብቻ

ኧረ ኮሪያኛን ተዉልኝ 😂 ማነው 1ኛ ላይ ያስቀመጠው? ፊደሉን ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ሲያሳውጁት ተራው ሰው ቶሎ እንዲያነብ ብለው ነው። ሀ ሁ ሂ ቆጥሮ ላደገ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ልክ እንደኛ። አንተና እርስዎ ለይቶ መናገርም አለ፣ እሱንም እኛ በእናት ጡት ነው የምንለምደው። ፈረንጆች የሚያለቅሱበት ነገር ለኛ ግማሹ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ስኮላርሺፕም አለ። የኮሪያ መንግሥት ጂኬኤስ የሚባለውን ሲሰጥ አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋ አስተምሮ ነው ወደ ዲግሪው የሚያስገባው። ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት አገር ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ክብር አላቸው። አቶ የሰሚቱ፣ እህትህን አትጨቁናት።

የሰሚቱ

አልጨቆንኩም፣ ከፋይ ነኝ እንጂ። ግን ከራስሽ አፍ እንደሰማሁት ስኮላርሺፑን ካገኘች ቋንቋውን እነሱ በነጻ ያስተምሯታል። ታዲያ እኔ የምከፍለው ለምንድነው? ደግሞ ከስኮላርሺፕ ውጪ ሥራስ?

አዳማ_ሪፐብሊክ

ሥራውን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሰው እየተበላ ነው። ኮሪያ የፋብሪካና የእርሻ ሠራተኛ የምትወስደው ኢፒኤስ በሚባል ፕሮግራም ነው። በመንግሥትና በመንግሥት ስምምነት የሚሠራ ነው፣ መጀመሪያ የቋንቋ ፈተና ትፈተናለህ። ኔፓል፣ ቬትናም፣ ፊሊፒንስ፣ ካምቦዲያ፣ ኡዝቤኪስታን አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም።

ይሄ ማለት ካትማንዱ ውስጥ ኮሪያኛ የሚማር ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ፊት ለፊቱ ፈተና አለ፣ ከፈተናው ኋላ ሥራ አለ። እዚያ ከተማ የኮሪያኛ ትምህርት ቤት በየመንገዱ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። እኛ አገር ያው መጽሐፍ፣ ያው ሰዋስው፣ ያው ድካም፣ መጨረሻው ግን ግድግዳ። ቋንቋው አንድ ነው፣ የሚለየው ፓስፖርቱ ነው። ስለዚህ «ኮሪያኛ ተማሩ፣ የፋብሪካ ሥራ አለ» የሚላችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ ኢትዮጵያ ስምምነቱን መቼ ፈረመች ብላችሁ ጠይቁት። ለስኮላርሺፕና ለፍቅር ከሆነ ትማር፣ ማን ይከለክላታል።

ድራማ_ብቻ

እሺ ለፍቅር 😭

የድሮ_ተማሪ

ልጆች ሰላም ናችሁ። እኔ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኪየቭ ነበር የተማርኩት፣ ያኔ ሶቪየት ኅብረት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነበር። ሌላ የሚያናግርህ የለም፣ እንጀራ የለም፣ ስልክ የለም፤ ሳትወድ በግድህ ትናገራለህ። ክረምቱ ሳያልቅ ዳቦ ሰልፍ ላይ ከአሮጊቶች ጋር እንጨቃጨቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምሕንድስናውን በሩሲያኛ ተማርኩ።

አገሬ ስገባ መሥሪያ ቤቱ የነበሩት ማሽኖች የሶቪየት ነበሩ፣ መመሪያቸውም በሩሲያኛ። እኔ ተፈላጊ ሰው ነበርኩ። አንድ ነገር ሲሰበር ሌሊትም ቢሆን መኪና ይላክልኛል። በ1983 መንግሥት ተለወጠ፣ በ84 ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች፣ ቀስ በቀስ ማሽኖቹ በጣሊያንና በቻይና ተተኩ። ሩሲያኛዬም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በወጉ የተናገርኩት ለሕክምና ባልቻ ሆስፒታል በሄድኩ ጊዜ ነው። የሩሲያ ሐኪሞቹ ደስ ብሏቸው አላስወጣ አሉኝ፣ ከኋላዬ ያለው ወረፋ አጉረመረመ። ኪየቭ ያሉ የድሮ ጓደኞቼ ደግሞ ከጦርነቱ ወዲህ በሩሲያኛ ማውራት ትተዋል። ይጻፉልኛል፣ በዩክሬንኛ ነው፣ እኔ ግማሹን እገምታለሁ።

ይሄን የምለው ለማማረር አይደለም። ያኔ ማንም አስተዋይ ሰው ሩሲያኛ አይጠቅምም ሊል አይችልም ነበር። ዛሬ ቻይንኛ እንደምትሉት ነው ያኔ ሩሲያኛ የሚባለው።

ዴይራ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ዱባይ ቢሆኑ ኖሮ ሥራ አያጡም ነበር። እዚህ የፀጉር ቆዳና የወርቅ ሱቅ ውስጥ ሩሲያኛ የሚናገር ሻጭ ይፈለጋል። ቤት ሻጮቹ ጋም እንደዚያው ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ብሶበታል። አጠገቤ ያለው ሱቅ ውስጥ አንድ የኡዝቤክ ልጅ አለ፣ እንግሊዝኛው ከኔ የባሰ ነው፣ ኮሚሽኑ ግን ከኔ እጥፍ ነው።

ሜሪላንድ_ዝናብ

በጋሼ ላይ ልጨምር። አጎቴ ኩባ ነው ያደገው። በደርግ ጊዜ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የሚባለው ደሴት ላይ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አንዱ ነው። ሲመለስ አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፣ ጭራሽ «ኩባዎቹ» እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር። አሁን እዚህ ሕንፃ እድሳት ላይ ይሠራል። ሠራተኞቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ናቸው፣ አሠሪው ፈረንጅ ነው፣ መሃል ላይ ሆኖ ሁለቱን የሚያግባባው አጎቴ ነው። ፎርማን ያደረጉት በሙያው አይደለም፣ በአፉ ነው። ይሄን ማን አቅዶት ነበር?

የሰሚቱ

ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ለእህቴ «ተማሪ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ይጠቅምሽ ይሆናል» ብዬ አልከፍልም 😅

ቤሩት_ነበርኩ

ዐረብኛ ይጠቅማል ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም። የቱ ዐረብኛ? አብራኝ የሄደች ልጅ ነበረች፣ አገር ቤት በደንብ የተማረች፣ መጽሐፍ የምታነብ። ማዳሟን በመጽሐፍ ዐረብኛ ስታናግራት ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ዜና አንባቢ ቤቷ የገባ ነው የመሰላት። «ምን» ለማለት እንኳን ሊባኖስ ሹ ነው፣ ግብፅ ኤህ፣ ጂዳ ኤሽ፣ መጽሐፉ ላይ ደግሞ ማዛ። ቤት ሠራተኛ የሚያስፈልጋት የኩሽናው፣ የልጆቹ፣ የሱቁ ዐረብኛ ነው፣ እሱን ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ በጥቂት ወር ትለቅሚዋለሽ።

ግን ቆይ። እኔ ሹ እና የላ እያልኩ እንደ ወፍ የምናገር ሰው ነበርኩ፣ ፈርሚ ተብዬ የተሰጠኝን ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም። ውሉ በዐረብኛ ነው፣ የፖሊስ ጣቢያው ወረቀትም፣ የሐኪሙም። ያቺ የተሳቀባት ልጅ ነበረች የኔንም የሌሎቹንም ውል ያነበበችልን፣ የዕረፍት ቀን እንዳለን የነገረችን እሷ ናት። ስለዚህ ለመናገር አትክፈሉ፣ ለማንበብ ክፈሉ። ወደ ዐረብ አገር ለምትሄድ እህት የምነግራት ይሄን ብቻ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

@ቤሩት_ነበርኩ ይሄ ከክሩ ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነው። ኤጀንሲዎች ይሄን ቢያስተምሩ።

ታምፔሬ

ሁላችሁም የፊንላንድን መከራ አላያችሁም። 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው የሚናገረው። ስሙ 15 ሙያ አለው፣ ማለትም «ቤት ውስጥ»፣ «ከቤት»፣ «ወደ ቤት» እያልክ ጭራው ይለዋወጣል። ከእንግሊዝኛ ጋር የሚመሳሰል ቃል ፈልገህ አታገኝም፣ ዘመዱ ኢስቶኒያ ነው፣ ከሩቅ ደግሞ ሃንጋሪ።

ወጥመዱ ምን መሰላችሁ? ነርሲንግ በእንግሊዝኛ ይሰጣል ተብሎ ሰው ይመጣል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ በፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ ክፍያ አለ፣ ቤተሰብ ተበድሮ ይከፍላል። ትምህርቱ እውነትም በእንግሊዝኛ ነው። ልምምድ ስትወጣ ግን በሽተኛው በፊንላንድኛ ነው የሚያቃስተው። ዲግሪውን ይዞ ቋንቋው የሌለው ልጅ መጨረሻው ጽዳት ወይ ምግብ ማድረስ ነው፣ በብስክሌት፣ በበረዶ። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ለዓለም ፊንላንድኛ ከሁሉም የማይጠቅም ቋንቋ ነው፣ ለኔ ግን ከእንግሊዝኛ ይበልጥብኛል። ለዜግነትም የቋንቋ ፈተና አለ። አንድ ተንኮል ልንገራችሁ፦ ፈተናውን በፊንላንድኛ ፋንታ በስዊድንኛ መፈተን ይፈቀዳል፣ ሁለቱም የአገሪቱ ቋንቋ ናቸው። ስዊድንኛው ለእንግሊዝኛ ቅርብ ስለሆነ እሱን የሚመርጥ ሰው አለ። ወረቀቱን ታገኛለህ፣ ሥራ ቦታ ግን ያው ነህ።

ጎተቦርግ

@ታምፔሬ ወደኛ ና በቃ።

ቢርሸባ

ዕብራይስጥም በዚሁ ተርታ ነው። ከእስራኤል ውጪ የት ትናገረዋለህ? እዚህ ግን ያለሱ ሰው አይደለህም። አዲስ ለመጣ ሰው ኡልፓን የሚባል የመንግሥት ትምህርት አለ። ልጆቹ ግን ኡልፓን ሳያስፈልጋቸው ሰፈር ውስጥ ይለምዱታል፣ ከዚያ አባትየው ባንክ ሲሄድ የአሥር ዓመት ልጁን ይዞ ነው። ልጅ የአባቱን ዕዳ ሲያስተረጉም አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሉ ቀጥሉ።

ኤስፔራንቶ_ዛምቢያ

ቢሮ ውስጥ የተባለው ልጅ እኔ ብሆንስ? 😂 ኤስፔራንቶ በ1887 ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም ያወጣው ነው። ከሕግ የሚወጣ ግስ የለውም። አነባበቡ እንደተጻፈው ነው። ሌላ ቋንቋ ስትማር የማታገኘውን ደስታ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ትችላለህ። ተናጋሪዎቹ ደግሞ በየአገሩ እርስ በርስ በነጻ ይስተናገዳሉ፣ የአባላት ዝርዝር አለ፣ ሄደህ ታድራለህ።

አዳማ_ሪፐብሊክ

ማደሪያውን ይሰጡሃል፣ ቪዛውን ማን ይሰጥሃል?

ኤስፔራንቶ_ዛምቢያ

እሱን ገና እየተማርኩ ነው።

ዱከም_ዞን

ቻይንኛን ሁሉም ሰው ሳይጠይቅ ከሚጠቅሙት ጎን አስቀመጠው። እኔ ዱከም አካባቢ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ትንሽ ልበርዛችሁ። ድሮ ኤችኤስኬ ከሚባለው የቻይንኛ ፈተና ደረጃ 4ን ያለፈ ልጅ የወረቀቱ ቀለም ሳይደርቅ ነበር የሚቀጠረው። አሁን ቻይናዊው ተቆጣጣሪ ስልኩን አውጥቶ ያወራል፣ ስልኩ በአማርኛ ይናገራል። አማርኛው ያስቃል፣ ግን ቦልት ለማስጠበቅ ይበቃል። ሰው የሚፈለገው ነገር ሲከር ነው። ደመወዝ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ፣ ማሽን እጅ ሲበላ፣ ጉምሩክ ላይ ዕቃ ሲያዝ። ያኔ ስልኩን ማንም አያምነውም።

ለዚያ ደግሞ 4 አይበቃም። በለመድነው አቆጣጠር 4 ማለት 1200 ቃል ነው፣ 5 ላይ 2500 ይሆናል፣ 6 ላይ 5000። አብዛኛው ልጅ 3 እና 4 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ብር ያልቃል ወይ ሥራ ይገኛል ወይ ይሰለቻል። አሜሪካኖች ለዲፕሎማቶቻቸው ባወጡት ግምት ስፓኒሽና ጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ሲፈጁ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ዐረብኛ 2200 ነው የሚፈጁት። ስፓኒሽን ግማሽ መንገድ ብትተወው ገበያ ያስወጣሃል። ቻይንኛን ግማሽ መንገድ ብትተወው ምልክት እንኳ አታነብም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የማይጠቅመው ቋንቋ ያልተጨረሰ ቻይንኛ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

በዚያው ዝርዝር ላይ አማርኛም አለ፣ መሃል ላይ፣ 1100 ሰዓት። ስለኛም አንድ ቦታ ቁጭ ብለው «ይጠቅማል ወይ» እየተባባሉ ነው ማለት ነው።

ቅኔ_ቤት_አጠገብ

ግዕዝን ያልጠራችሁት አውቃችሁ ነው ረስታችሁ? የሚናገረው የለም፣ ሥራ የለውም…

ፊደል_ቆጣሪ

ግዕዝ የውጭ ቋንቋ አይደለም፣ ክሩን አታበላሽ። ለነገሩ ሥራ የለውም ያልከውም አይሆንም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ ሃምቡርግም ቶሮንቶም ቁጭ ብለው ይማሩታል። እኛ ቅኔ ቤት አጠገብ ሆነን እንንቀዋለን። ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንጣላ።

ባየርን_ልጅ

ገንዘብ ከፋዩ ወንድሜ፣ ጀርመንኛን ማንም ሳያነሳው ልታልፍ ነው እንዴ? አውስቢልዱንግ የሚባለውን ሰምተሃል መቼም። ደመወዝ እየተከፈላት ሙያ ትማራለች፣ ነርሲንጉ ሦስት ዓመት ነው። ግን አሠሪው መጀመሪያ የሚያየው የቋንቋ ወረቀቷን ነው፣ ቢያንስ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ)፣ ለነርስነት በአብዛኛው ከሱ ከፍ የሚለው ቢ2። ባሏን ተከትላ የምትሄድ ሴት እንኳ ኤ1፣ የጀማሪውን ደረጃ፣ ማሳየት አለባት። በፈረንጆቹ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሥራ መፈለጊያ ካርድ የሚሉት መጥቷል፣ እሱም ጀርመንኛ ኤ1 ወይ እንግሊዝኛ ቢ2 ይጠይቃል፣ ከሌሎች ነጥቦች ጋር።

ልብ በል፣ ቋንቋው ራሱ ቆንጆ ነው እያልኩህ አይደለም። ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከስዊስ ውጪ ማንም አይሰማህም። ልዩነቱ ወረቀቱን አዲስ አበባ ውስጥ እያለህ ይፈልጉታል። ስዊድንኛን እዚያው ደርሰህ ትማረዋለህ፣ ይሄን ሳትማር አትደርስም። ኤ1 ይዞ ማቆም ግን ብር መድፋት ነው። ለባልና ሚስት ካልሆነ በቀር ኤ1 ብቻውን በር አይከፍትም፣ እህትህ ቢ1 ድረስ የምትሄድ ካልሆነ አትጀምር። የፈተና ወንበር ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፣ ትምህርቱን ስትጀምር ፈተናውንም አብረህ አስብ።

ሳር_ቤት

ስደት ስደት ብቻ አታድርጉት። እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት አለ። ቋንቋዎቹ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽ ናቸው፣ በ2022 ደግሞ ስዋሂሊ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ተወስኗል። በየካቲቱ ጉባኤ ለጊዜያዊ ሥራ ሰው ሲፈለግ ፈረንሳይኛ ያለው ልጅ ቀድሞ ነው የሚጠራው። ሆቴሎቹም እንደዚያው ናቸው። ጅቡቲ አጠገባችን ናት፣ ወደባችን እሷ ናት፣ ወረቀቷ በፈረንሳይኛ ነው። ማኔጅመንት ለተማረች ልጅ ሎጂስቲክስ ውስጥ ፈረንሳይኛ ያዋጣል ባይ ነኝ። ስዋሂሊን ደግሞ ማንም አይንቀው፣ ናይሮቢ በአውቶቡስ የሚደረስ አገር ነው።

የሰሚቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ቤት ውስጥ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። የኢፒኤሱን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «ሥራ ልፈልግበት ነው ያለህ ማነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። መጨረሻ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ኮሪያኛውን በስልኳ በራሷ ዳታ ትማራለች፣ እኔ የምከፍለው ለጀርመንኛ ወይ ለፈረንሳይኛ ነው፣ ምርጫው የሷ ነው፣ ከቢ1 በፊት ካቆመች ግን ብሩን ከመጀመሪያ ደመወዟ ትመልሳለች። ፈርማለች። እናቴ ምስክር ናት።

ድራማ_ብቻ

እህትህን አስተዋውቀኝ። ዳታ እኔ እሞላላታለሁ።

የድሮ_ተማሪ

ዴይራ፣ ስለ ዱባይ የነገርከኝን ለልጄ አሳየኋት። «አባዬ በ68 ዓመትህ ፀጉር ቆዳ ልትሸጥ ነው?» አለችኝ። ኮሚሽኑ ስንት ፐርሰንት ነው?

ዴይራ

ጋሼ በውስጥ መስመር ይምጡ፣ ሙሉውን እነግርዎታለሁ።

አዲስ_ገቢ

ክሩን ሳላነብ ነው፣ ይቅርታ። ፖርቱጋልኛ ይጠቅማል?

አዳማ_ሪፐብሊክ

ፓስፖርትህ የየት አገር ነው?